የጋሽ ንጉሤ ምሳ ዕቃ

የጋሽ ንጉሤን መሞት የሰማሁት የአንድ ደንበኛ ግማሽ ፊት ተላጭቶ፣ ግማሹ ገና በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው። ስልኬ ጠራ። የደወለችው ጎረቤታቸው ናት። "ጋሽ ንጉሤ አረፉ" አለችኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና የቀረውን ግማሽ ላጨሁ። ሰውየው በመስታወት እያየ "ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?" ሲለኝ "ደህና ነኝ" አልኩት። ፊቱን ጠርጌ፣ አልኮል ቀብቼ፣ ከሸኘሁት በኋላ ነው በሩን ዘግቼ ወንበሩ ላይ ዘጭ ያልኩት። እንዲህ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ሰው ግማሽ ፊቱን ይዞ ከዚህ ቤት አይወጣም። ጣራው ቢናድ እንኳ ጨርሰህ ውጣ" ይሉኝ ነበር።

የተቀመጥኩበት ወንበርም የሳቸው ነው። ከጣሊያን የተረፈ፣ እግሩ ብረት የሆነ፣ ለአራት ሰው የሚከብድ ወንበር ነው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ በአይሱዙ ጭነን እዚህ ከተማው ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ወደተከራየኋት ክፍል አመጣነው። እዚህ ወንበሩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሁሉም በማሽን ቶሎ ተቆርጦ፣ ስልኩን እያየ ገብቶ ስልኩን እያየ ይወጣል።

ሱቃችን ከፒያሳ ወደ አፍንጮ በር በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች። ጎረምሳ ሆኜ ገብቼ ጺሜ ሸበት እስኪል ድረስ ከጎናቸው ቆሜ ሠርቻለሁ። ጋሽ ንጉሤ ቀጭንና ረጅም ነበሩ፤ ነጭ ጋውናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የተቀመጠ ደንበኛ አንገቱን ከደፋ በሁለት ጣታቸው ከአገጩ ሥር መታ ያደርጉና "ቀና" ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። ለባለ ወርቅ ቤቱም ለሊስትሮውም ያው "ቀና" ነው። የአራዳ ልጆች "ጋሽ ቀና" ብለው ስም አወጡላቸው፤ ሲጠሯቸውም አቤት ይላሉ። አንድ ወሬኛ ደንበኛ ነበረን፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ጉራው አያልቅም። "ወንድሜ፣ እስክጨርስ ድረስ እውነት እውነቱን ብቻ አውራ፤ ስትዋሽ ጉሮሮህ ይንቀሳቀስና ምላጩ ያስቸግረኛል" ያሉት ቀን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሚስታቸው የሞተችው ልጃቸው ያሬድ ገና ድክድክ ሲል ነው። ያሬድ ያደገው ከወንበሮቹ እግር ሥር፣ የሰው ፀጉር እየጠረገ ነው ማለት እችላለሁ። ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

አንድ ቀን፣ ያሬድ ትምህርት ቤት የጀመረ ሰሞን፣ ሱቅ ውስጥ ኳስ እየለጋ ትልቁን መስታወት ሰባበረው። ጋሽ ንጉሤ "ማነው የሰበረው?" አሉ። "ድመቷ ናት" አለ። ድመት የለንም። ደንበኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከተሰባበረው መስታወት ሥር ሰው ሁሉ እያየው አንበረከኩት። "ለመስታወቱ አይደለም፤ ለድመቷ ነው" አሉት። ልጁ ድመት የለችም ብሎ አምኖ እስኪናገር ድረስ እንደተንበረከከ ቆየ፤ ግትር ነገር ነበር። ካመነ በኋላ አስነሱት፣ ጉልበቱን አራገፉለት፣ ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ ዘረጉ። ያሬድ አኩርፎ ፊቱን አዞረ። እጃቸውን አልመለሱም። ደንበኛ እየጠበቃቸው፣ ወጡ በጣታቸው መሀል እየተንጠባጠበ፣ "ቅጣቱ አልቋል። አሁን ብላ" እያሉ ጠበቁ። ልጁ እንባውን እየዋጠ አፉን እስኪከፍት ድረስ ራሳቸው አንድ ጉርሻ አልቀመሱም።

በኋላ "ጋሽ ንጉሤ፣ ወይ አይቅጡት ወይ አያባብሉት፤ ልጁ ግራ ይገባዋል" አልኳቸው።

"ምን ግራ ይገባዋል? የሰው ልጅ ቢሆን ተቆጥቼ አባርረው ነበር። የኔ ስለሆነ ቀጥቼ አስቀምጠዋለሁ።" ቀጥለው በአገጫቸው ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ጠቆም አደረጉ። "እሱስ እኔን እንደዚያ አይደል የሚያደርገኝ?"

ሁልጊዜም እንደዚህ ነበሩ። ሃይማኖትን ረጅም ንግግር አያደርጉትም፤ በአገጫቸው ጠቁመው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ያሬድ አድጎ ቆንጆ ልጅ ወጣው። ምላሱ የተባ፣ ልብሱ ያማረ፣ እጁ ግን ለጠብ የቀረበ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ምሽት ዶሮ ማነቂያ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ በወንበር ሰበብ ተጣላ። ሰው የተቀመጠበትን ወንበር ጎተትክ፣ አልጎተትኩም፤ ይኸው ነው ነገሩ። ብሩክ የሚባለውን የእሪ በከንቱ ልጅ ጭንቅላቱን በቢራ ጠርሙስ መታው። የብሩክን አባት፣ ቆዳ ነጋዴውን አቶ ሽፈራውን፣ በመልክ እናውቃቸው ነበር። ብሩክ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስመጣ በሩ ተከፍቷል። ያሬድ ብረቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ደም ነው። ጋሽ ንጉሤ ሰው እንደሚላጩ ሁሉ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርገው፣ ፊቱን በለብ ያለ ውኃ ያጥቡታል።

"አባዬ፣ ጓደኛዬ ወደ ሞያሌ የሚሄድ መኪና አለው። ትንሽ ቀን ብቻ ዞር ልበል" ይላል ያሬድ።

"ልጁ በሕይወት አለ?"

"አላውቅም። ሆስፒታል ወስደውታል።"

የእኔም አፍ አላረፈም። "ጋሽ ንጉሤ፣ ለጊዜው ይሰወር። ነገሩ ይብረድ" አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። "ነገሩ የሚበርደው መቼ ነው? የሰው ልጅ ሲቀዘቅዝ?"

ጎረቤት ካለችው ሻይ ቤት ሻይና ዳቦ አስመጡ። ዳቦውን እየቆረሱ፣ ሻዩ ውስጥ እየነከሩ አጎረሱት። ያሬድ የበላው የሚሸኙት መስሎት ነው። ንጹሕ ሸሚዝ አለበሱት፣ እጁን ያዙትና ወጡ። ትልቅ ሰውዬ እጁን ተይዞ፣ ትምህርት ቤት እንደሚወሰድ ልጅ ቁልቁል ሄደ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። የፖሊስ ጣቢያው በር ሲታየው ነው የገባው። "አባዬ፣ ተው፤ በናትህ፣ በእማዬ አፈር" እያለ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ጎንበስ ብለው አነሱት። በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ "ልጄ ነው። ሰው መትቷል። ይዤው መጣሁ" አሉት።

ያሬድ ሲያስገቡት ዞሮ "ከዛሬ ጀምሮ አባቴ አይደለህም" አለ።

"እሱን አንተ አትወስነውም" አሉት ጋሽ ንጉሤ ቀስ ብለው።

እኔ ብሆን ልጄን እደብቀው ነበር። ይህን ያኔም ነግሬያቸዋለሁ፤ ዛሬም አላፍርበትም።

ብሩክ አልተረፈም። ፍርድ ቤት ያሬድ "እኔ አልመታሁትም፤ ሰክሮ ወድቆ ነው" አለ። ያቺ የሌለች ድመት ትዝ አለችኝ። ጋሽ ንጉሤ ከኋላ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ረጅም ዓመት ተፈረደበት። አቶ ሽፈራው ችሎቱ ውስጥ ከኛ ፊት ተቀምጠው ነበር፤ ጺማቸው ማደግ ጀምሯል። ገዳዩም አባቱም አፍ አውጥተው የበደሉኝን እስካልነገሩኝ ድረስ ምላጭ ፊቴን አይነካውም ብለው መማላቸውን ሰማን።

ከዚያ ወዲያ ሱቃችን ቀዘቀዘ። ግማሹ ሰው "ልጁን አሳልፎ የሰጠ" ብሎ ቀረ፤ ግማሹ "የነፍሰ ገዳይ አባት" ብሎ ቀረ። ጋሽ ንጉሤ ጋውናቸውን ተኩሰው ይመጣሉ፣ ባዶ ወንበር ይወለውላሉ።

እሑድ ሲመጣ ከቅዳሴ ተመልሰው ሽሮ ይሠራሉ፤ ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት፣ ያሬድ እንደሚወደው ወፈር አድርገው። ባለ ድርቡ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይጨምሩና ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ማረሚያ ቤት ይሄዳሉ። በር ላይ የታራሚው ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል። "ያሬድ ንጉሤ፣ ጠያቂ" ይባላል። አይወጣም። ምግቡ ይገባል፤ ሳይነካ ይመለሳል። እሳቸው የመጠየቂያው ሰዓት እስኪያበቃ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁና፣ ሽሮውን ጊዮርጊስ ደጃፍ ለተቀመጡ ሰዎች ሰጥተው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ሰኞ ጠዋት እኔ "በላ?" እላለሁ። "አልበላም" ይላሉ። እንዲህ ዓመታት አለፉ።

አንድ ሰኞ ደሜ ፈላ። "እስኪ ይተዉት! ሰው እንዴት በልጁ እጅ በየሳምንቱ ይዋረዳል? ያ የሚያመልኩት እግዚአብሔርስ ቢሆን ይህን ያህል ቀጥቶ ምን ሊያተርፍ ነው?"

ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ ማፋጨታቸውን አላቆሙም። "ዝም ቢለኝ ነበር የምፈራው" አሉ። "እስከቀጣኝ ድረስ አልተወኝም ማለት ነው። ያሬድም እሑድ እሑድ ስሙ ሲጠራ፣ አባቴ አልተወኝም ብሎ ይስማ። ባይወጣም ይስማ።"

መጥረጊያውን አንስቼ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ። 

በዚያው ዓመት ለዕርቅ ተነሡ። በኛ አገር ደም ያፈሰሰ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይወድቃል። ሽማግሌዎቹ "ጥፋተኛው እስር ቤት ነው፤ ማን ይሸከማል?" አሉ። "እኔ" አሉ ጋሽ ንጉሤ። ለዚሁ ብለው ድንጋይ አልፈለጉም፤ የሱቃችንን በር ነፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፍበትን ጥቁር ድንጋይ አነሱ። ያን ድንጋይ እኔ ራሴ በእግሬ ነበር የምገፋው እንጂ አላነሳውም። ነጭ ጋውናቸውን አውልቀው፣ ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ከፒያሳ እስከ እሪ በከንቱ ቁልቁለቱን ጎንበስ ብለው ወረዱ። የሚያውቃቸው ሁሉ ከየካፌው እየወጣ ያይ ነበር። "ቀና" ሲሉ የኖሩ ሰው ወደ መሬት እንደተደፉ አለፉ።

የመጀመሪያው ቀን በሩ አልተከፈተም። እስኪመሽ ተንበርክከው ተመለሱ። በሌላ ጊዜም አልተከፈተም። ማጅራታቸው ቆሰለ፤ እኔ ቅባት እቀባላቸው ነበር። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ግን አቶ ሽፈራው ራሳቸው ከፈቱ። ጺማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል።

"ለምን መጡ?" አሉ።

"ልጄ ልጅዎን ገድሎብዎታል" አሉ ጋሽ ንጉሤ ከነድንጋያቸው። ሌላ ምክንያት አልጨመሩም፤ ሰክሮ ነው፣ ወጣት ነው፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው አላሉም።

አቶ ሽፈራው ድንጋዩን አዩ። "ልጅዎን ደብቀውት ቢሆን ኖሮ" አሉ በመጨረሻ፣ "በዚህ ድንጋይ ራስዎን ነበር የምመታዎት።" ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከጋሽ ንጉሤ ማጅራት ላይ አነሱላቸው። ሁለቱ ሽማግሌ አባቶች ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው ያለቀሱትን ለቅሶ ለማንም አልመኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ አቶ ሽፈራው ሱቃችን ገቡ። እኔ ወንበሬን አዘጋጀሁ። "አንተ አይደለህም። እሱ ይላጨኝ" አሉና ብረቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የነፍሰ ገዳዩ አባት ምላጭ ይዞ፣ የሟቹ አባት አንገቱን ሰጥቶ።  ጋሽ ንጉሤ በሁለት ጣታቸው የሰውየውን አገጭ መታ ለማድረግ ሞከሩ፤ "ቀና" የሚለው ቃል ግን አልወጣላቸውም። አቶ ሽፈራው ራሳቸው ቀና አሉላቸው። ጺሙ ወለሉ ላይ ሲረግፍ እኔ ውጭ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆኑ፤ አብረው ቡና ይጠጣሉ፣ ብዙም አያወሩም።

"አቶ ሽፈራው ከመሐላቸው ግማሹን ትተዋል፤ ይህን ለያሬድ ላኩበት እንጂ። ተቀይመውት እንዳልቀሩ ይወቅ" አልኳቸው።

"አይሆንም። ድንጋዩን ተሸክሜለታለሁ። አፉን ግን እኔ አልከፍትለትም፤ ይቅርታውን ራሱ ይጠይቅ።"

አልተስማማሁም። በዚህም እስከ ዛሬ አልተስማማሁም።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። እሳቸው ከኔም ርቆ ሌላ ጫፍ ላይ ቤት ደረሳቸው። የማያውቁት ፎቅ፣ የማያውቁት ደረጃ። ከዚያ ማረሚያ ቤቱ ድረስ ታክሲ እየቀያየሩ፣ እየተጋፉ፣ ምሳ ዕቃውን ደረታቸው ላይ አቅፈው እሑድ እሑድ ይሄዱ ነበር። ክረምቱ ሳንባቸውን ያዘው። አልጋ ላይ ሲውሉ "ያንን ዕቃ አድርስልኝ" አሉኝ። ሽሮውን አልጋቸው ላይ ሆነው እያዘዙኝ ሠራሁ። ወሰድኩ። ስሙ ተጠራ፤ አልወጣም። ምግቡ ተመለሰ።

ስገባ ዓይናቸው በር በሩን ያያል። "በላ?" አሉኝ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። የእሳቸው ዓይን እያየኝ አልተቻለኝም። "አልበላም" አልኩ።

 "ሽሮው ወፍሮበት ይሆናል። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ምርጫው ተለውጦ ይሆናል። የሚመጣው እሑድ ቀጠን አድርገው" አሉኝ።

የሚመጣውን እሑድ አላዩም። ስልኩ የተደወለልኝ በመሀሉ ነው።

ቀበርናቸው። ከቀብር ስንመለስ አቶ ሽፈራው እጄን ይዘው "መርዶውን ለልጁ የምነግረው እኔ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ? እንዴት ይሆናል? ሲያይዎት ምን ይላል?"

"ሰው መርዶ ማን እንደነገረው አይረሳም። ለኔ የብሩክን የነገረኝ የማላውቀው ሰው ነው፤ በስልክ። ለንጉሤ ልጅ እንደዚያ አይሆንም።"

እሑድ ጠዋት ሽሮ ሠራሁ። ቀጠን አደረግሁት። አቶ ሽፈራው ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው መጡ። ለመርዶ መሆኑን ስንነግረው ዘበኛው አዝኖ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባን። ያሬድን ለምን እንደሆነ ሳይነግሩት አመጡት። ከስቷል፤ ግንባሩ ላይ ፀጉሩ ሳስቷል፤ አባቱን ቁጭ ነው። መጀመሪያ እኔን አየ። ቀጥሎ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ከዚያ ነጠላውን የለበሰው ማን እንደሆነ ሲያይ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

"አባትህ አርፏል፣ ልጄ" አሉት አቶ ሽፈራው።

ያሬድ አልጮኸም። ወደ እኔ ዞሮ "ባለፈው እሑድ ጃንጥላው አልነበረም" አለ። እኔ አልገባኝም ነበር። "ከላይ ካለው መስኮት አግዳሚው ይታያል። እሑድ እሑድ አየው ነበር። ባለፈው ሳጣው፣ ተናዶ ቀረ፣ በቃ ተወኝ ብዬ…" 

አንገቱን ላንቀው ወይስ ላቅፈው እንደፈለግሁ አላውቅም። እኚያ ሰውዬ በዝናብ በፀሐይ ሲቀመጡ እያየ፣ ያን ሁሉ ዘመን፣ አንድ ደረጃ መውረድ አቃተው።

አቶ ሽፈራው ግን ወደሱ ቀረቡ። "ፊቴን እየው" አሉት። "ጺሜን የላጨኝ አባትህ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ወድቆ፣ ልጄ ልጅዎን ገድሎብዎታል ብሎኝ። አንተን ግን ገና እየጠበቅሁህ ነው።"

ያሬድ እግራቸው ሥር ወደቀ። "እኔ ነኝ" አለ። "አልወደቀም። እኔ ነኝ የመታሁት። ብሩክን እኔ ነኝ የገደልኩት።" ደጋግሞ፣ ግንባሩ ሲሚንቶው ላይ እንዳለ፣ ሊያቆም አልቻለም። ጋሽ ንጉሤ ይህን ቃል ለመስማት ነበር ያን ሁሉ እሑድ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት። አልሰሙትም። ሰው "ከሰማይ ሆነው ሰምተዋል" ይለኛል፤ ይሁን። እኔ ግን ይቆጨኛል፤ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው።

አቶ ሽፈራው ለብዙ ጊዜ አላነሱትም። አለቀሱ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡትና ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። ምሳ ዕቃውን ሰጠኋቸው። ከፈቱት፤ እንጀራውን ቆርሰው ሽሮው ውስጥ ነክረው ጠቀለሉ። የሟቹ የብሩክ አባት ናቸው፤ በዚያው እጃቸው ወደ አፉ ዘረጉለት።

"ብላ" አሉት።

ያሬድ ፊቱን አዞረ።  ሽሮው በአቶ ሽፈራው ጣቶች መሀል ወርዶ እጅጌያቸው ላይ ተንጠባጠበ። እጃቸውን አልመለሱም።